ከሜዲሲን በፊት የክረምት ኮርስ፦ ደሴ ላይ ስድስት ሳምንት ከፍዬ የተማርኩት

ሰሞኑን ፍሬሽማን ጨርሰው ሜዲሲን የደረሳቸው፣ ወይም ይደርሰናል ብለው ምደባ የሚጠብቁ ልጆች ካሉበት ቤት አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ክረምቱን ደሴ ላይ በሚሰጠው «የሜዲሲን ቅድመ ዝግጅት» ኮርስ ማሳለፍ ይሻላል ወይስ ቤት ሆኖ ቤተሰብ እያገዙና እያረፉ ጥሪውን መጠበቅ? እኔ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከእነዚህ ኮርሶች አንዱን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ተከታትዬ፣ ከዚያም ፒሲ ዋን፣ ማለትም ከፍሬሽማን ቀጥሎ ያለው የሜዲሲን የመጀመሪያ ዓመት ገብቼ ዓመቱን አገባድጃለሁ። ኮርሱን እንደጨረስኩ ብጽፍ ኖሮ ከአሁኑ የተለየ ነገር በጻፍኩ ነበር፤ ያን ጊዜ በእጄ ያለው የምስክር ወረቀት እንጂ የተማርኩት ነገር ምን ያህል እንደሚቆይ የማውቀው አልነበረም። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም። ቅሬታዬን ለባለቤቶቹ በአካል ነግሬያቸዋለሁ፤ ደግሞም በከተማው ያሉት ተመሳሳይ ማዕከላት እርስ በርሳቸው ብዙም ስለማይራራቁ፣ የምለው ነገር ለሌሎቹም ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

በመጀመሪያ አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ልግለጽ። ኮርሱ ከሐምሌ 8 እስከ ነሐሴ 18 የሚቆይ፣ በሳምንት አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ ከ7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ለአናቶሚ፣ በተለይም ለአጥንትና ለእጅና እግር ጡንቻዎች የተመደቡ ሲሆን፣ ቀሪዎቹ ሦስት ሳምንታት ለባዮኬሚስትሪና ለፊዚዮሎጂ፣ ማለትም ለሰውነት ኬሚስትሪና አሠራር፣ መግቢያ ተሰጥተው ነበር። ተማሪዎቹ 34 ነበርን፤ ከኮምቦልቻ፣ ከኩታበር፣ ከወረኢሉ፣ ከመርሳ ሳይቀር የመጡ ነበሩ። አናቶሚውን ያስተማረን በቅርቡ የተመረቀ ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ሁለተኛውን ክፍል የያዘው ደግሞ ሌላ መምህር ነበር። ይህ ልዩነት በኋላ እንደምታዩት የግምገማዬ እምብርት ነው።

ወጪውን ሲያስቡ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው በማስታወቂያው ላይ ባለው ዋጋ ላይ ነው። እኔ ለምዝገባ 500፣ ለኮርሱ 9,000፣ ለሞጁል ማባዣ 600 ብር ከፈልኩ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ተሁለደሬ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ነው። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በክረምት ጭቃና በትራንስፖርት ሰልፍ በየቀኑ መመላለስ ስለማይታሰብ ከአንዲት የኩታበር ልጅ ጋር ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየን። የድርሻዬ የቤት ኪራይ ለሁለት ወር 3,000 ብር መጣ። ምግቡና የሳምንት መጨረሻ መመላለሻው ሲጨመር አጠቃላይ ወጪው 18,000 ብር ደረሰ። በዚህ ላይ ማንም በወረቀት የማያሰፍረው ወጪ አለ። ሐምሌ ጤፍ የሚዘራበት፣ ነሐሴ አረም የሚበረታበት ወር ነው። እኔ ቤት ባለመኖሬ አባቴ ለአረሙ ሠራተኛ በቀን ሒሳብ ቀጠረ። እናቴ ልብሴን ስሸክፍ አጠገቤ ቆማ፣ «ትምህርቱን መንግሥት ያስተምርሽ የለም እንዴ ልጄ? ሳይጀመር የሚከፈልበት ምኑ ነው?» አለችኝ። መልስ ሳላገኝላት ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ፈርቼ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ በመሆኔ በሰፈሬ ጎበዝ ተባልኩ። ነገር ግን ያ ፈተና ከአራት አማራጭ አንዱን አጥቁሩ የሚል ነው፤ እኔም እንደ ብዙዎቹ የወረዳ ተማሪዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ የገባሁባቸውን ቀናት በአንድ እጄ ጣት ቆጥሬ እጨርሳቸዋለሁ። በማይክሮስኮፕ ያየሁት ፍሬሽማን ገብቼ ነው፤ ያውም ለስድስት ተማሪ አንድ ስለነበረ እየተገፋፋን። ሲኒየሮች ስለ ፒሲ ዋን የሚያወሩት ደግሞ ለሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። ማዕከሉ «ከክፍል ጓደኞችዎ አንድ እርምጃ ቀድመው ይግቡ» ብሎ ሲያስተዋውቅ እኔ ያነበብኩት «ወደ ኋላ እንዳትቀሪ» ብዬ ነው። ፍርሃትን የሚሸጥ ነጋዴ ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

የመማሪያ ክፍሉ የሚገኘው ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ በአንድ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ኮርኒስ የለውም፤ ከራሳችን በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም አያጣውም። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሕንፃውን ይውጠውና ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መምህሩ የጉሮሮው ደም ሥር እስኪገታተር ቢጮህ እንኳ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አይሰማም። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ሲሆን ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሐኪሙ ሰሌዳው ላይ፣ «ሞጁሉን ዝጉ። ጥንድ ጥንድ ሁኑ። ዝናቡ እስኪያባራ ተጠያየቁ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጆሮ ለጆሮ ተጠግተን እየተጠያየቅን፣ ያልመለስነውን በወረቀት ጠርዝ ላይ እየመዘገብን፣ ሲያባራ እሱ ያንኑ እያነሳ ማስተማር ሆነ። በግንባታ ጉድለት የመጣው ይህ ልማድ የከፈልኩበት ዋና ነገር ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ምክንያት አለው። በግሪጎርያን አቆጣጠር በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጀፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስጠኗቸው፤ አንዳንዶቹ ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ ያስታወሱትን ሳያዩ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ። እኛ አብዛኛውን ዕድሜያችንን ያሳለፍነው በሽምደዳ ነው። ሽምደዳ ደግሞ ፈተናው ነገ ጠዋት ከሆነ አያሳፍርም። ሜዲሲን ላይ የሚያሳፍረው፣ ጥቅምት ላይ የተማርነው የነርቭ መንገድ ከዓመታት በኋላ ሲ ዋን ላይ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ መማር በሚጀመርበት ዓመት፣ በበሽተኛ ክንድ ላይ ተመልሶ ስለሚጠየቅ ነው። ይህን ማንም በቃል አልነገረኝም፤ ዝናቡ ነው ያስተማረኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው የማልረሳው ነገር የማዕከሉ አጽም ነው። በክፍሉ ጥግ በብረት ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ፣ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ የፕላስቲክ አጽም ነበር። የግራ እጁ ትናንሽ አጥንቶች ጠፍተው ስለነበር የእጅ አንጓን ስምንት አጥንቶች የምንቆጥረው በቀኙ ብቻ ነው፤ ለእሱም ተራ እንጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ከጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሌላ የጭን አጥንት አወጣና የቀኝ ይሁን የግራ እንዴት እንደምንለይ አስተማረን። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ክብ የሆነው የላይኛው ራስ ምንጊዜም ወደ ሰውነት መሐል፣ ወደ ዳሌው ይመለከታል። ሊኒያ አስፔራ የሚባለው ሸካራ መስመር በአጥንቱ ጀርባ ይወርዳል። የታችኞቹ ሁለት እብጠቶችም ወደ ኋላ ይወጣሉ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚያሟላው አያያዝ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አጥንቱ የየትኛው እግር እንደሆነ ይታወቃል።

ይህን ሲያስረዳ ከኋላ የተቀመጠች፣ እስከዚያ ቀን ድምጿን ሰምተን የማናውቅ የወረኢሉ ልጅ እጇን አወጣች። ተነሥታ ወደ አጽሙ ሄደችና የቀኝ ጭኑን አጥንት በጣቷ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰችው። «ዶክተር፣ ይሄኛው ሸካራው መስመር ከፊት ነው» አለች። ሁላችንም ተነሥተን ተሰበሰብን። እውነትም መስመሩ ከፊት ነበር፣ የጉልበቱ እብጠቶችም ወደ ፊት ወጥተው ነበር። አጽሙ ሁለት የግራ ጭን አጥንቶች ነበሩት። አንድ ሰው የጠፋውን ቀኝ በግራ ተክቶ፣ ክቡ ራስ ወደ ዳሌው እንዲገባ ብቻ አዙሮ በሽቦ አስሮታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ፊቱ ቆመን እየተማርንበት 33ታችን አላየነውም። ሐኪሙ ሳቅ ብሎ፣ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ማን ያየው ይሆን እያልኩ ነበር» አለ። አውቆ ትቶት ይሁን በዚያች ቅጽበት ፊቱን ለማዳን ያለው ይሁን አልፈርድም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አጥንት ስይዝ መጀመሪያ የማደርገው ስሙን መናገር መሆኑ ቀርቶ ዞሬ ከኋላው ማየት ሆነ።

የዚሁ ሐኪም ሌላ ችሎታ ከባዱን ነገር በአገር ቋንቋ ማስያዙ ነው። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቮች ጥልፍልፍ፣ ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ያስተማረን በደሴ መናኸሪያ ነው። አምስት ሥሮች ከአከርካሪ ይወጣሉ፤ እነሱም ከአንገት ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉትና ከደረት የመጀመሪያው ናቸው። እነዚህ አምስት መንገደኞች ተደባልቀው በሦስት ግንድ ይገባሉ፣ እያንዳንዱ ግንድ ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ይሆናል፣ ስድስቱ እንደገና በሦስት ገመድ ይጠቃለላሉ፣ በመጨረሻም አምስት ዋና ዋና ነርቮች ሆነው ወደየመዳረሻቸው ይሄዳሉ። «መኪና ስለቀየረ ሰውዬው አልተቀየረም፤ ከየት እንደተነሣ ካልያዛችሁ የት እንደተጎዳ አታውቁም» ይል ነበር። ማታ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር በኪራይ ቤታችን ወለል ላይ በጠመኔ እየሣልን እንጠያየቅ ነበር። እሷ የፍልሰታን ጾም ይዛ ስለነበር የ9 ሰዓቱ እረፍት ሲደርስ ከሕንፃው ሥር ካለችው ትንሽ ቤት አብረን ሽሮ እንበላ ነበር፤ እኔ ባልጾምም ለብቻዬ ሌላ ማዘዝ አላስቻለኝም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልሻገር፤ ረጅም ነው። አራተኛው ሳምንት ሲገባ ሐኪሙ ሄደ፣ ሁለተኛው መምህርም ስላይዶቹን ይዞ መጣ። ስላይዶቹን ያነብባል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ዝናብ ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ እስኪያባራ ይጠብቃል። የአሚኖ አሲዶችን ስም ከነምኅጻራቸው፣ የግሉኮስን መሰባበር ከነእያንዳንዱ ኤንዛይሙ በሦስት ሳምንት አጨናነቀን። በመጨረሻው ቀን በተሰጠን የባዮኬሚስትሪ ፈተና ከ40 ጥያቄ 33 መልሼ ተሸለምኩ። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ገና ሳይመጣ፣ ያንኑ ፈተና ቤት ውስጥ ሰዓት ይዤ ራሴን ፈተንኩበት፤ የመለስኩት 11 ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ቃላትን ራሱ እየሸመደደ የሰው መርሳት መጀመሪያ ላይ እንደሚፈጥን፣ ከዚያ እየቀነሰ እንደሚሄድ በ1885 እንደግሪጎርያን አቆጣጠር አሳትሞታል። እኔም ይህን በ9,000 ብር አረጋገጥኩ። አጥንቱን ግን በዚያው ቀን ራሴን ስጠይቅ አብዛኛው አልጠፋም ነበር።

ፒሲ ዋን ሲጀመርም ልዩነቱ በዚሁ መልክ ታየ። በመጀመሪያው የአናቶሚ ስፖት ፈተና፣ ማለትም በየጠረጴዛው ቁጥር የተለጠፈበት አካል ተቀምጦ ደወል በተደወለ ቁጥር ወደሚቀጥለው እየተዛወሩ ስሙንና ወገኑን በሚጽፉበት ፈተና፣ ከአጥንቶቹ ያጣሁት አልነበረም፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም። በባዮኬሚስትሪ ግን ክረምቱን ቤቱ ያሳለፈ ሰው ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ እኔ ያለሁበት ደረሰ፤ አንዳንዱም አለፈኝ። ሦስት ሳምንት የተማርኩትን ዩኒቨርሲቲው በአራት ሰዓት ንግግር ጨርሶት ወደ ሌላ ሄደ። «አንድ እርምጃ ቀድመው ይግቡ» የሚለው ማስታወቂያ ሐሰት ባይሆንም፣ ያ እርምጃ ኅዳር አይደርስም።

ከዚህ የከፋው የተገባልን ቃል አለመፈጸሙ ነው። በቴሌግራም በተለቀቀው ማስታወቂያ ላይ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ክፍል ካዳቨር እንደምንጎበኝ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ብዙዎቻችን፣ በተለይም የሞተ ሰው አካል ማየት እንችል ይሆን ብለን የምንሠጋ ሴት ልጆች፣ የመጣነው ለዚህ ነው። መጀመሪያ «በሚቀጥለው ሳምንት» ተባልን፣ ከዚያ «ፈቃድ እየጠበቅን ነው»፣ በመጨረሻም «አልተቻለም»። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ምን ያህል እንደተዘረፉና እንደወደሙ የሚያውቅ ሰው፣ በዚህ አካባቢ የማስተማሪያ ቁሳቁስ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል፤ እኔም እረዳለሁ። ነገር ግን ያልተፈቀደ ጉብኝት ማስታወቂያ ላይ መውጣት አልነበረበትም። የጉብኝቱ ዋጋ ይመለስልን ብለን ስድስት ሆነን ቢሮ ስንገባ፣ ክፍያው «ጥቅል» እንደሆነና ለየብቻ እንደማይመነዘር ተነገረን። የከፈልንበት ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ቁራጭ ወረቀት ስለነበር ወዴት ይዘነው እንደምንሄድም አላወቅንም። የምትመዘገቡ ካላችሁ ክፍያችሁን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጉ፤ ምን ምን እንደሚጨምርም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አንድ ሌላ ነገርም በጥብቅ መናገር እፈልጋለሁ። ከእኛ ጋር ከተማሩት ውስጥ ሰባቱ ሜዲሲን ገና ያልደረሳቸው፣ ምደባ የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ኮርሱ ለምርጫው ይረዳል ተብለው ነው የመጡት። አይረዳም። ሜዲሲን የሚገባው በዋናነት በፍሬሽማን ውጤትና በ12ኛ ክፍል ውጤት ተለይቶ ነው፤ ሁለቱም ክረምቱ ሲገባ ያለቁ ጉዳዮች ናቸው። ከሰባቱ አራቱ ሌላ ዲፓርትመንት ደረሳቸው። አንዱ አሁን አካውንቲንግ ይማራል፤ የጭን አጥንት ወገን ለይቶ የሚያውቅ ብቸኛው ሒሳብ ሠራተኛ እንደሚሆን እየቀለደ ይነግረኛል፤ ገንዘቡን የሰጡት አጎቱ ግን እስካሁን ቀልዱ አልገባቸውም።

በቴሌግራም ግሩፖች «የመጨረሻ ክረምትህን ተኝተህ እለፍ፣ ቅድመ ዝግጅት የሚባል ነገር ጥቅም የለውም» የሚል ምክርም በብዛት ይዘዋወራል። አሜሪካ የሚኖሩት የአክስቴ ልጆችም ይህንኑ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ምክሩ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሜዲካል ስኩል የሚገባው በአብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ተማሪው ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ሴሚስተር የቆየ፣ ለመግቢያ ፈተና ወራት የደከመ ሰው ስለሆነ፣ ዕረፍ መባሉ ይገባል። በተቃራኒው «ዕድሉን ካገኘህ ግባ» የሚሉትም እዚያ አሉ፤ እነሱ የሚያወሩት ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለተቀበላቸው ተማሪዎች ስለሚያዘጋጀው፣ ክፍያ ስለማይጠይቅና አንዳንዴም ለተማሪው የኪስ ገንዘብ ስለሚሰጥ ፕሮግራም ነው። እዚያ የገባ ተማሪ ከመምህራኑና ከግቢው ጋር አስቀድሞ ይተዋወቃል። እኛ ዘንድ ያለው ግን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደምትመደብ እንኳ የማያውቅ የግል ንግድ ነው። ስለዚህ ዕረፍ የሚለውም ግባ የሚለውም ምክር ለእኛ በልክ የተሰፋ አይደለም።

ታዲያ ማን ይሂድ? ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ያልነበረው፣ እንግሊዝኛ ላይ የሚቸገር፣ አጥንትና ምስል በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ ሜዲሲን መግባቱ የተረጋገጠና ቤተሰቡ ወጪውን ሳይበደር የሚችል ልጅ ቢሄድ አይጎዳም። ከመክፈሉ በፊት ግን የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ይጠይቅ፤ አንድ ቀን በነጻ ተቀምጦ እንዲያይ ይለምን። መምህሩ ስላይድ የሚያነብ ከሆነ ይመለስ፤ የሚጠይቅ ከሆነ ይቀመጥ። የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በየትምህርት ዓይነት ይሰጣል ወይስ እንደ ልብና ሳንባ ባሉ የአካል ሥርዓቶች ከፍሎ በሞጁል የሚለውንም ከሲኒየሮች ቢያጣራ መልካም ነው፤ በሞጁል የሚሰጥ ከሆነ በክረምቱ የተጨናነቀው ባዮኬሚስትሪ ተበታትኖ ስለሚመጣ ቅደም ተከተሉ አይገጥምለትም። ከተማ ያደገና ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ ተጨንቆ የደከመ፣ ወይም በአረም ጊዜ ቤቱ የሚፈልገው ልጅ ግን ቢቀር የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው።

የሚቀረውም ሰው ባዶ እጁን አይቀመጥ። ከሲኒየር የአጥንት ሃንዳውት መዋስ ይቻላል። ፊት፣ ኋላ፣ ወደ መሐል፣ ወደ ውጭ፣ ቅርብ፣ ሩቅ የሚባሉትን የአቅጣጫ ቃላት በእንግሊዝኛ ማወቅ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ፒሲ ዋን ላይ ግን ያለ እነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር አይገባም። እኔ ባለፈው አረፋ ከታረደው በግ የቀኝና የግራ የጭን አጥንቶቹን ቀቅዬ፣ ጅማታቸውን ፍቄ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። የበግም ቢሆን ክቡ ራስ ወደ መሐል ይዞራል፣ የታችኞቹም እብጠቶች ወደ ኋላ ይወጣሉ፤ ሁለቱን አጥንቶች ከረጢት ውስጥ ከትቶ ሳያይ በእጁ እየዳሰሰ ቀኝና ግራ መለየት በአንድ ቡና፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ተማረ። እናቴ አጥንት በቤት መቆየቱን ባትወደውም፣ ዋጋው ከ9,000 ብር እንደሚያንስ አልካደችም።

ማዕከሉ ዘንድሮ ኮርሱን ለሁለት ከፍሎ መሸጥ ጀምሯል። የአናቶሚው ሦስት ሳምንት ለብቻው 5,000 ብር ነው፤ ያው ሐኪም ያስተምረዋል፤ የጉብኝቱ ነገርም ከማስታወቂያው ወጥቷል። ይህ ከአምናው የተሻለ ስለሆነ ይመሰገናል፤ ለሁለተኛው ክፍል ግን አሁንም ገንዘብ አውጡ አልልም። የጎረቤታችን ልጅ ሰኔ ላይ መጥታ ምክር ስትጠይቀኝ የነገርኳት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ብቻ ተመዘገበች። ስለ አጽሙ ግን አንድም ቃል አልተነፈስኩላትም።

ባለፈው ዓርብ ማታ ከደሴ ደወለች። ዝናቡ ከበስተጀርባዋ ይሰማ ነበር። ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ብርዱ ካወራችኝ በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ የአጽሙ ቀኝ ጉልበት ወደ ፊት ነው እንዴ የሚታጠፈው?» አለችኝ። አሁንም አልቀየሩትም ማለት ነው። መልሱን አልነገርኳትም፤ ነገ ጠዋት ሰው ሳይገባ ገብተሽ ከኋላው ዞረሽ ዳስሺው አልኳት።